ከሞያሌ እስከ ኢስትሊ፣ ጥንድ ራም ፍለጋ

ረቡዕ፣ ሞያሌ

ወንድሜ ኑሪ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ በጥያቄ ነው።

«ዲዲአር ስንት?»

«አራት» አልኩት ዓይኔን ሳልገልጥ።

«አምስት ቢሰጡሽስ?»

«ከአራት ይበልጣል ብዬ አልቀበልም።»

«ስንት ፍሬ?»

«ሁለት። እኩል የሆኑ። መንታ።»

«ፍጥነት?»

«ሦስት ሺህ ስድስት መቶ፣ ከተገኘ።»

«በይ ተነሺ፣ አውቶቡሱ ያመልጥሻል።»

የጉዞዬ ምክንያት ይኸው ነው። ኑሪ በኮምፒውተር የቤት ንድፍ ይሠራል። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት በሩን ከፍቶ ያስገባችኋል፤ ሳሎኑን አሳልፎ በመስኮት የምትገባውን ፀሐይ ያሳያችኋል። ናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ያለ አንድ የንድፍ ቢሮ ሥራውን አይቶ ለሙከራ የአንድ ትምህርት ቤት ንድፍ ሰጠው። በተንቀሳቃሽ ምስል ሠርቶ እስከ ሰኞ ከላከ፣ ሞያሌ እንደተቀመጠ በቋሚነት ሊያሠሩት ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ያለው ራም ስምንት ጊጋ ብቻ ስለሆነ ምስሉን ማቀናበር ሲጀምር ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቀጥ ይላል። ኑሪ ሲያስረዳኝ፣ ራም ማለት ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። የእሱ ጠረጴዛ ትምህርት ቤቱን አልችል ብሏል። ዲዲአር የሚሉት ደግሞ የራሙን ትውልድ ነው።

ሥራው ካልተሳካ ምን እንደሚሆንም ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ኑሪና ጓደኛው ከድር ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግረዋል። ያ መንገድ ምን እንደሆነ ለሞያሌ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ተጓዦቹ የሚያልፉት በእኛ ደጅ ነው፤ ድምፃቸው ሲጠፋ ከሩቅ አገር የሚደውሉ እናቶች «አይታችሁታል?» ብለው የሚጠይቁትም እኛን ነው። እናቴ ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም። እኔ ናይሮቢ ሄጄ ራም ልግዛ ስል ግን ቦርሳዬን ከእኔ ቀድማ ያዘጋጀችው እሷ ናት።

ኑሪ ከንድፉ ላይ መነሳት ስላልቻለ ነው እኔ የምሄደው። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፤ አብዛኛውንም የጻፍኩት መኪና ላይ ነው።

መንገድ

ኬላው እንደተከፈተ አልፌ በኬንያ በኩል ካለችው ሞያሌ አውቶቡስ ያዝኩ። ዋጋው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሽልንግ ነው። ረዳቱ «ሳ ሞጃ! ሳ ሞጃ!» እያለ ይጮሃል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን ማለቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ፀሐይ ከወጣችበት ጀምረው ነው። ሌላው ዓለም ሰባት ሲል እነሱም እኛም አንድ እንላለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንደ አዲስ ይገርመኛል።

«ጓዲት፣ መስኮቱ የእኔ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል ፀጉራቸው የነጣ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ቆመዋል። አቶ ተስፋይ ይባላሉ፤ ኤርትራዊ ናቸው፤ ማርሳቢት ውስጥ ጋራዥ ነበራቸው። አማርኛቸው እኔ ከመወለዴ በፊት አስመራ ላይ የተማሩት ነው። «ጓዲት» የሚሉት እኔን ለማሳቅ መሆኑ ገባኝና መስኮቱን ለቀቅኩላቸው። ትንሽ ቆይተው መልሰው ሰጡኝ።

ከቱርቢ ወዲያ አገሩ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ ከሰል የዘራ ይመስላል። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ አስፋልቱ ብቻ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስልኬ ላይ ይህችን ጻፍኩ፦

ድንጋይ ብቻ ብዬ ፊቴን ሳዞርበት፣
ግመል ቆማ አየሁ ሳር ስትግጥበት።

ማርሳቢት ተራራው ላይ ስንወጣ አየሩ በአንድ ጊዜ ቀዘቀዘ፤ ዛፉ አረንጓዴ፣ መሬቱ ቀይ ሆነ። ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በሻይ በመቶ ሽልንግ በላን። አቶ ተስፋይ ጉዳዬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እኔ የማውቀው ሞተር ነው» አሉኝ። «ግን ልምከርሽ። ዕቃ ስትገዢ ከምትገጥሚው ጋር አስተያይተሽ ግዢ። የትልቅ መኪና ፒስተን ትንሿ መኪና ውስጥ አይገባም። ውድ ነው ብላ ትንሿ መኪና አታከብረውም!»

ሳቅኩ። በማግስቱ ይህን ንግግር እንደማስታውሰው ግን አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ በኋላ ፖሊሶች ስንቴ አስቁመው መታወቂያ እንዳዩ መቁጠር ትቼዋለሁ። ኢሲዮሎ ስንደርስ አቶ ተስፋይ «በርቺ ጓዲት» ብለውኝ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በስንዴ ማሳ መሃል ገባ። ትልቁ የኬንያ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ፊቱን ሳያሳየኝ አለፈ። ናይሮቢ የገባነው መብራት ከበራ በኋላ ነው።

ኢስትሊ

አጎቴ ጀማል ኢስትሊ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ። ንግዱን ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ሱቃቸው ባለብዙ ፎቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ናት፤ ከቁም ሳጥን ብዙ አትበልጥም፤ ግን ከእሷ የወጣ ጨርቅ ጁባ ድረስ ይሄዳል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። የፍየል ሥጋ በሩዝ፣ ከጎኑም ሙዝ ቀረበልኝ። ልጃቸው ረምላ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

አጎቴ ስለ ኑሪ፣ ስለ ቢሮው፣ ስለ ሰኞ ሁሉንም ሰሙኝ። ስለ ደቡብ አፍሪካው ስነግራቸው እጃቸውን ከሩዙ ላይ አነሱ።

«ስንት ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

«አሥራ አምስት ሺህ ሽልንግ።»

«አምጪው።»

«እኔ ራሴ ነገ ከተማ ወርጄ...»

«የእኔ እንግዳ ገበያ ለገበያ ሲንከራተት ኢስትሊ ምን ይላል? አምጪው አልኩሽ።»

አወጣሁና ሰጠኋቸው። አጎት እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ ሌላ ምን ይደረጋል? «አጎቴ፣ ዲዲአር አራት ነው፤ አምስት አይደለም፤ ሁለት ፍሬ...» ብዬ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ሠላሳ ዓመት ነግጄ ዕቃ መግዛት አንቺ ታስተምሪኝ? ብዪ፣ ሩዙ ቀዘቀዘ።»

«ፖሌ፣ ሲስ» አለች ረምላ በሹክሹክታ፣ አዝኜልሻለሁ እንደማለት። «ባባ አንዴ ከወሰነ ፊኒሽ ነው።»

ሐሙስ፣ ስድስት ሺሁ

በማግስቱ ለምሳ ሰዓት ወደ ሱቃቸው ስንሄድ ደጁ ላይ የጎረቤት ነጋዴዎች ተሰብስበዋል። አንድ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። አጎቴ እንዳዩኝ ተቀብለው አንስተው አሳዩኝ።

ራም ነው። ነጭ። ጫፉ ላይ ሲሰካ በቀለም የሚበራ መስተዋት አለው። ማሸጊያው ተቀዷል። ጎኑ ላይ በትልቁ ስድስት ሺህ የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከሱ በላይ ደግሞ ዲዲአር አምስት።

ክው አልኩ።

«ወንድምሽ የፈለገው ሦስት ሺህ ምናምን አይደል?» አሉ አጎቴ ጎረቤቶቻቸውን እያዩ። «ስድስት ሺህ! ደግሞ አራተኛው እኮ አርጅቷል፤ ይኼ አምስተኛው ነው። ሃያ ስድስት ሺህ ብሎኝ አሥራ አንዱን ከኪሴ ጨመርኩ። ለእህቴ ልጅ የማይሆን ገንዘብ ለማን ሊሆን ነው?»

«ማሻአላህ! አጎት ማለት እንዲህ ነው!» አለ አንዱ ነጋዴ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በአእምሮዬ የኑሪ ጥያቄ ይጮሃል፤ አምስት ቢሰጡሽስ? አፌ ግን «አላህ ይስጥልኝ አጎቴ» አለ። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ጭንቅላቴን ምረቃ እያዘነቡ ዳበሱልኝ።

ደረጃው ላይ ስንደርስ ቁጭ አልኩ።

«ምነው?» አለች ረምላ።

«አይገባም። ራሙ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ይህንን አይቀበልም። ገንዘቤም አለቀ።»

«ሂጂ ንገሪው ታዲያ!» ረምላ አባቷን አንተ ነው የምትላቸው።

«እንዴት ብዬ?»

«ባባ፣ አይገባም ብለሽ።»

«ያ ሁሉ ሰው ቆሞ?»

«ሲሄዱ ንገሪው።»

«ከኪሳቸው ጨምረውልኝ?»

«እናንተ ሰዎች!» አለች ረምላ።

«አንቺም እኮ ከእኛ ነሽ።»

«እኔ ናይሮቢ ነው የተወለድኩት። ተነሺ፣ ታውን ሄደን የሚቀይርልን እንፈልግ።»

ከተማ መሃል

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊታችን ቴሌቪዥን፣ ከጆሯችን ሥር የድምፅ ማጉያ አለ። ስልሳ ስልሳ ሽልንግ ከፈልን። ሾፌሩ መኪናውን በሰውና በጋሪ መሃል ሲያሾልክ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ረምላ ከንፈሯን እየተቀባች ነበር፣ አንዴም አልሳተችም።

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ጎዳና ወርደን ሱቅ ለሱቅ ዞርን። የተከፈተ ራም የሚቀይር አልተገኘም። በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዋንጂሩ የምትባል ሴት ሱቅ ገባን። ጥፍሯ ረጅም፣ ሳቋ ቅርብ ነው። እሷም አልቀይርም አለች፤ ግን የማዘርቦርዱን ፎቶ ስልኬ ላይ አየችና ከመሳቢያዋ ሌላ ራም አውጥታ ከእኛው ጎን አስተኛችው።

«ከሥር ያለችውን ክፍተት እዩ» አለች። ራሙ በሚሰካበት በኩል እንደ ጥርስ ፍንጭት የሆነች ክፍተት አለች። በአንደኛው ላይ ያለችበት ቦታ ከሌላው ይለያል። «መሰኪያው ላይ ደግሞ እዚህች ክፍተት ውስጥ የምትገባ ጉብታ አለች። አምስተኛውን አራተኛው ውስጥ ለማስገባት በጉልበት ከተጫንሽ ወይ ራሙ ወይ ማዘርቦርዱ ይሰበራል።»

ይህንን አውቅ ነበር።

«የሚገባው ስንት ነው?» አልኩ፣ የምገዛ ይመስል።

«ስምንትና ስምንት ጊጋ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ፍጥነት፣ ጥንዱ ሃያ አምስት ሺህ።»

የተሳሳትኩ መስሎኝ ረምላን አስተርጉሚልኝ አልኳት። ልክ ሰምቼ ነበር።

«ወንድሜ ባለፈው ዓመት ሲጠይቅ ሰባት ሺህ ነበር!»

«ነበር» አለች ዋንጂሩ። «አሁን ኤአይ በልቶታል። ራም የሚሠሩት ፋብሪካዎች ምርታቸውን ለእነዚያ ትልልቅ የኮምፒውተር ማዕከሎች ይሸጣሉ። የተረፈው ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ጠዋት የለጠፍኩትን ዋጋ ከሰዓት የምቀይርበት ቀን አለ።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። እኔ ገበያ ላይ የሚጋፋኝ ሌላ የሞያሌ ወይም የናይሮቢ ገዢ ነበር የሚመስለኝ። የኑሪን ጠረጴዛ ከሥሩ የሚስበው፣ የት አገር እንደቆመ የማላውቀው አንድ መጋዘን ሙሉ ማሽን ነው።

ዋንጂሩ ግን አልጨረሰችም ነበር። «የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ስንተኛ ትውልድ ነው?»

«አሥረኛ።»

«እንግዲያው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ለምን ትገዢያለሽ? ያ ፕሮሰሰርና ይህ ማዘርቦርድ ሁለቱም ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት በላይ አይሄዱም።»

«ፈጣኑን ብናስገባበትስ?»

«ይገባል፣ ይሠራልም። ግን ፍጥነቱን ወደ እነሱ ዝቅ አድርጎ ነው። ለማትሮጪበት ፍጥነት ትከፍያለሽ። ምስል ለሚሠራ ሰው ብዛቱ ነው የሚጠቅመው። ካገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች የወጣ፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ስድስት ጊጋ የሆነ መንታ ፈልጊ። ፍጥነቱ ልክ የእናንተው ነው። ሃያ ስድስት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ አያጣውም።»

ኑሪ ጋ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

«ዓመት ሙሉ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ስመኝ!» አለ። «እሺ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶው ይሁን። ገዛሽ ታዲያ?»

«ነገ» አልኩት።

ማታ ራት ላይ ለአጎቴ ልነግራቸው ወስኜ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በዚያው ቅጽበት እሳቸው ሞያሌ ደውለው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት።

«እህቴ፣ ሐሳብ አይግባሽ!» አሉ። «ገዝቻለሁ! መብራት ያለው ነው!»

እናቴ ከወዲያ አለቀሰች። መረቀቻቸው፣ ልጆቻቸውን መረቀች፣ ሱቃቸውን መረቀች፣ ራሙን ሳይቀር መረቀች። ረምላ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እኔ ሩዝ ጎረስኩ።

ዓርብ፣ መቀሱ

ጠዋት ስልኬን ስከፍት የኑሪ የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ። «ዛሬም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከድር ደግሞ ደላላው እስከ እሁድ ቁርጡን አሳውቁኝ ብሏል አለኝ። አውቶቡስሽ ከሰዓት ነው አይደል?»

ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ፊቴን ሳልታጠብ ደረጃውን ወርጄ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

አጎቴ ጨርቅ ዘርግተው በትልቁ መቀስ ይቆርጣሉ። «ቁርስ በላሽ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«አጎቴ፣ ራሙ አይገባም።»

መቀሱ ጨርቁ መሃል ቆመ።

«አምስተኛው አራተኛው ውስጥ አይገባም። ይዤው ብሄድ ኑሪ አይጠቀምበትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት፣ እንዳየሁት።»

«እጄን ስትስሚ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

መቀሱን አስቀምጠው የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ቁጣ አልነበረም፤ ደንግጠዋል።

«ያንን ልጅ ለበረሃ ልትሰጪው ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ እንዳላፍር ብለሽ?»

ያደረግኩትን ራሴም የሰማሁት እንዲህ ተብሎ ሲነገር ነው።

ጢማቸውን አሹ። «ሻጩ ጠይቆኝ ነበር» አሉ ከዚያ። «ማዘርቦርዱ ምንድን ነው አለኝ። ሦስት ሰዎች አጠገቤ ቆመው ነበር። ምን እንደሚያወራ አልገባኝም። አውቃለሁ፣ አንተ ዋናውን አምጣ አልኩት።»

አሁን ደግሞ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ የቤተሰባችን ትልቅ ሰው «አልገባኝም ነበር» ሲል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አጎቴ ተነስተው ኮፍያቸውን አጠለቁ። «ነዪ» አሉኝ።

ሻጩ አብዲ ይባላል፤ ድሬዳዋ ያደገ ወጣት ነው፤ ሱቁ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። ግድግዳው ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ተለጥፏል። ውስጥ ደንበኞች ነበሩ። አጎቴ በሩ ላይ ቆመው፣ ጨርቅ ሲሸጡ በሚጣሩበት ድምፅ ተናገሩ።

«አብዲ! ትናንት ስትጠይቀኝ አውቃለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው። አላውቅም ነበር። ሰው ስለነበረ ነው።»

ደንበኞቹ ዞሩ። አብዲ እጁ ላይ የነበረው ገመድ ወደቀ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

«አዬ አጎቴ! እኔም ጠርጥሬያለሁ እኮ! የእህትህ ልጅ ሞያሌ ያለው ኮምፒውተር ይሄን ይቀበላል ወይ ብዬ አስቤያለሁ። ግን አንተን የሚያህል ሰው ደንበኛ ፊት አታውቅም እንዴት ልበልህ?»

«የድሬ ልጅ!» አሉ አጎቴ ጣታቸውን እየቀሰሩ። «የድሬ ሰው ይሉኝታ ከየት አመጣ? ሁሉን አንተ የሚል አገር!»

«ኢስትሊ አበላሸችኝ፣ ምን ላድርግ!»

«እንግዲህ ሁለታችን ነን ያበላሸነው፤ ሁለታችን እናስተካክለው።»

አብዲ የተለጠፈውን ጽሑፍ አየ፣ አጎቴን አየ፣ ከዚያ ነጩን ራም ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። «ገበያው እንደ ጫረታ ሆኗል፤ እስከ ሰኞ ዋጋው ይጨምራል፤ አልከስርም» አለ። ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ስቦ ስልኬ ላይ ባለው ፎቶ የሚታየውን የማዘርቦርድ ስም ጮክ ብሎ አነበበ፤ ፕሮሰሰሩን ጠየቀኝ፤ እኔም ዋንጂሩ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ጥንድ አወጣ። መብራት የለው፣ ቀለም የለው፤ አረንጓዴ ሆኖ በላዩ ጥቁር ጥቁር ቺፕ የተደረደረበት ነው። ሁለቱን አስተያየሁ፤ ክፍተታቸው አንድ ቦታ፣ ጽሑፋቸው ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት።

«እዚሁ ሰክተህ አሳየን» አሉ አጎቴ። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅም።»

አብዲ የራሱ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ አበራው። ሠላሳ ሁለት ጊጋ የሚል ታየ። ዋጋው ልክ ሃያ ስድስት ሺህ ነበር። አጎቴ የጨመሩልኝን መልሼ እንደምልክላቸው ስናገር፣ ተቆጡኝ፤ ይህንን ቁጣ አውቀዋለሁና ደስ አለኝ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ረምላ ሸኘችኝ። «አየሽ? ባባ አልሞተም» አለችኝ። ከዚያ አቀፈችኝ።

ቅዳሜ፣ ቤት

ሌሊቱን ተጉዘን ኬላው ሲከፈት ደረስኩ። ጥንዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከደረቴ ሥር ነበር የያዝኩት፤ አጎቴ የቆረጡት ያ ጨርቅ ነው።

ኑሪ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አሮጌውን ስምንት ጊጋ ነቀለ፣ አዲሶቹን ሰካ፣ አበራው። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ታየናለች።

«ክፍተቱን አይቻለሁ» አልኩ። «ማዘርቦርዱንም ፕሮሰሰሩንም... ኑሪ፣ አይቻለሁ።»

አጥፍቶ አንዱን ነካ አደረገው። ተነቃነቀ። በሁለት አውራ ጣቱ እስኪነጣ ድረስ ተጫነው፤ ቀጭ አለ። እንደገና አበራው። ስክሪኑ በራ፤ ሠላሳ ሁለት ጊጋ፣ ከሥሩም ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት።

ምስሉን ማቀናበር አስጀመረው። እሁድ ከቀትር በኋላ ሁልጊዜ የሚቆምበትን የትምህርት ቤቱን በር አለፈ። ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ ነው የጉዞውን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተረክሁለት፦ የነጩን ራም፣ የእኔን እጅ መሳም፣ የአጎቴን «አውቃለሁ»፣ የአብዲን ዝምታ። መጀመሪያ ላይ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። አብዲ ጋ ስደርስ ግን ሳቁ ቆመ።

«ፈቲያ» አለ። «እኔ እኮ መሄድ አልፈልግም ነበር።»

«የት?»

«ደቡብ አፍሪካ። ከድር አንድ ቀን እንሂድ ሲል እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ እምቢ ልበለው? ፈራ ይለኛል፣ ብቻዬን ተወኝ ይለኛል። ይህ ሥራ ከተሳካ ምክንያት ይሆነኛል ብዬ ነው የምጠብቀው።»

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ተመልሼ፣ ከኬንያ ያመጣሁለት ሁለት ፍሬ ሰበብ መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር የአጎቴ ሱቅ ውስጥ የተማርኩት ነው፤ መቀሱ ሲቆም የሚያስፈራው ለአፍታ ነው፣ ያልፋልም። በቃላት ላይ ለምትኖር እንደኔ ላለች ልጅ ይህን ለመማር መዘግየቴ ያሳፍራል።

«ደውልለት» አልኩት። «አሁን። ቢሮው መልስ ሳይሰጥህ።»

ስልኩን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ አነሳ። ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ከድር» አለ። «እኔ አልሄድም። ሥራው ተገኘም አልተገኘም አልሄድም።»

ስክሪኑ ላይ አንድ የመማሪያ ክፍል መስኮት ተከፍቶ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

«ወላሂ በል» አለ ከድር።

«ወላሂ።»

«አንተ! እኔ እኮ አንተ ብቻህን እንዳትሄድ ብዬ ነው! ያን ቀን እንሂድ ያልኩህ እየቀለድኩ ነበር፤ እሺ ስትል ቀልድ ነው እንዴት ልበልህ?»

ምሳችንን በሳህን ይዛ በሩ ላይ የቆመችው እናቴ፣ በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ተናግራ የማታውቀው እናቴ፣ ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«አንተ ልጅ» አለች። «ይህን ሁሉ ጊዜ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው?»

ጎንበስ ብላ የአንድ እግር ጫማዋን አወለቀች፣ አነጣጠረች።

«ኮምፒውተሩን እንዳትመቺ!» ብለን ሁለታችንም በአንድ ድምፅ ጮህን።